ሰባ አንድ ሰከንድ

ቁጥሩ አልተለወጠም። ቴሳ ፋይሉን ዘግታ እንደገና ከፈተችው። አሥራ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው። አሁንም አሥራ ሦስት ከአሥራ ዘጠኝ።

አሥራ አራት ከሠላሳ መሆን ነበረበት። ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ይህን የሚያውቅ ከእሷ ሌላ ማንም የለም። በድሮው ዘመን የሩብ ሰዓት የሬዲዮ ቀልድ ልክ በአሥራ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ያልቅ ነበር። የቀረችው ግማሽ ደቂቃ የጣቢያው ስም የሚጠራባት ነበረች። ተዋናይ ቢያስነጥሰው፣ የሚያነበው ወረቀት ከእጁ ቢወድቅ፣ የስቱዲዮው ሰዓት ማንንም አይጠብቅም። የቤተ መጻሕፍቱን የድሮ ሬዲዮ አድማጮች ክበብ የሚመሩት ሚስተር ሁፐር ይህን ቢያንስ መቶ ጊዜ ነግረዋታል።

ታዲያ ሰባ አንዱ ሰከንድ የት ገባ?

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መሐል አካባቢ ከፈተችው። የቤት አከራይዋ ሚስስ ፒከት ለተከራዮቿ እራት ስታቀርብ ነው። አንዱ ተከራይ ፈራ ተባ እያለ ይጠይቃል፤

«ሚስስ ፒከት፣ ይሄ ሾርባ የትናንት ነው እንዴ?»

«የትኛው ትናንት?»

ከዚያ ሳቅ።

ቴሳ አቆመችው። ባለፈው ቅዳሜ ቀልዱ ያለበት አሮጌ ሸክላ እየዞረ ወደ ላፕቶፑ ሲቀዳ በጥያቄውና በመልሱ መሐል አንድ ነገር ነበር። ማንኪያ ቀስ ብሎ ሳሕን ይነካል። ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ሳቁን አፍኖ በአፍንጫው ያስተነፍሳል። ሌላ ምንም የለም፤ ሰው መቻል እስኪያቅተው ድረስ ምንም የለም። አሁን ግን መልሱ የጥያቄውን ተረከዝ ረግጦ መጣ። ሴትዮዋ የምትቀልድ ሳይሆን የምትቆጣ መሰለች።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጓደኛዋ ከጄዳ ጋር ለትምህርት ቤት ፖድካስት ሠርተው ነበር። የሰዎችን «እ...» እና መንተባተብ ለመቁረጥ በድምፅ ማረሚያው ፕሮግራም ላይ «ባዶ ቦታዎችን አሳጥር» የሚለውን መርጠው ነበር፤ ምርጫው ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ረቡዕ ዕለት የሸክላውን ጭረትና ፍንጣቂ ልታጸዳ ስትቀመጥ ፕሮግራሙ ከንግግር ድምፅ ዝቅ ያለውን ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ቆጠረው። ማንኪያዋን፣ የታፈነውን ሳቅ፣ ሰው ትንፋሹን የያዘበትን ሁሉ ቆረጠ። እሷም ጽዳቱ እንዳለቀ በዋናው ፋይል ላይ አስቀመጠችው።

ከዚህ የባሰም ነበር። ማክሰኞ ማታ ሚስተር ሁፐር ደውለው «ሳትነኪው በፊት ሁለት ቦታ ገለበጥሽው?» ብለዋት ነበር። ስፓጌቲ እየበላች ነበር። ከእራት በኋላ እገለብጠዋለሁ ብላ አስባ «አዎ፣ ገልብጫለሁ» አለች። ከእራት በኋላ ረሳችው።

ሸክላው ደግሞ ከእንግዲህ አይዞርም። የአሉሚኒየም ሸክላ ነበር፤ ላዩ ላይ የተቀባው ጥቁር ቅብ እንደ አሮጌ የጥፍር ቀለም ይረግፋል። ዕድሜያቸውን በስልክ ድርጅት ቴክኒሻንነት ያሳለፉት ሚስተር ሁፐር ገና ሲያዩት «አንድ ዙር ይሄዳል። ሁለተኛውን አልምልም» ብለው ነበር። እንዳሉትም መርፌው ባለፈበት ሁሉ ቅቡ ከኋላው ተነሣ። ሲያበቃ ፍርፋሪውን በቀለም ብሩሽ ጠርገው ፖስታ ውስጥ ከተቱትና ለሸክላው ባለቤት ለሚስስ ብራንት ሰጧቸው። ሚስስ ብራንት ፖስታውን የሰው አመድ የተቀበሉ ይመስል በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት።

ሚስስ ፒከት ሆና የተጫወተችው ሄዘል ብራንት እናታቸው ናት። ቀልዱ በየማክሰኞው ከዚሁ ከከተማው ጣቢያ ይተላለፍ ነበር፤ ጣቢያው ዛሬ የመኪና ጎማ ይሸጥበታል። ሄዘል አንድ ዓመት በቴሌቪዥንም ሠርታለች፤ በቀጥታ ይሄድ ስለነበር ከሱ የተረፈ የለም። ከሬዲዮውም የተረፈው ይህ አንድ ሸክላ ብቻ ነው። ማጫወቻ ስላልነበራቸው፣ ሸክላውም አደራ ስለሆነባቸው፣ ሚስስ ብራንት የእናታቸውን ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልሰሙም። ባለፈው ቅዳሜም ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ሸክላው ሲዞር አልነበሩም፤ ፖስታውን የተቀበሉት በማግሥቱ ነው።

ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ሊሰሙት ነው።

ጄዳ በር ሳታንኳኳ ገባች። ጎረቤት ስለሆነች አንኳኩታ አታውቅም። ከረጢት ቺፕስ ይዛለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ።»

«ሰባ አንድ ሰከንድ አጠፋሁ።»

«የምን?»

«የዝምታ።»

ጄዳ ማኘኳን አቆመች። ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። «ዝምታ ጠፋብኝ ብላ የምታለቅስ ሰው ገና ዛሬ አየሁ! ኧረ አታካብጂ!»

«ሙድ አትያዢ፣ ጄዳ። ሌላ ቅጂ የለም።»

ጄዳ አልጋው ላይ ዘፍ አለች። ቴሳ እነዚህን የድሮ ቀልዶች ለምን እንደምትወድ ገብቷት አያውቅም። ቴሳ ሰባተኛ ክፍል እያለች ክንዷ ተሰብሮ ቤት በዋለችበት ክረምት ነው የጀመራት። ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ ወጥ ቤቱ፣ ደረጃው፣ የሚንጫጫው በር፣ የሰውየው ኮፍያ ሳይቀር ይታያታል። ከሁሉ ደስ የሚላት ከሰባ ዓመት በፊት የሳቁ ሰዎች ሳቅ ነው። መሐላቸው ሁልጊዜ ከሌላው ዘግይታ ብቻዋን የምትስቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። ጄዳ ይህን «የሙታን ሳቅ» ትለዋለች።

«ዝምታ ነው አይደል የጎደለው?» አለች ጄዳ ጣቷን እየላሰች። «መልሰሽ ክተቺዋ! ዝምታ ዝምታ ነው።»

ሞከሩት። የመጀመሪያው አላማረም፤ ፍጹም ባዶ ዝምታ ሲገባ ሬዲዮው ከሶኬት የተነቀለ ይመስላል። ቴሳ አስተዋዋቂው ከመናገሩ በፊት ካለው የሸክላው የ«ሽ...» ድምፅ ሦስት ሰከንድ ቀዳችና እሱን አባዝታ ከተተች። ይሄኛው አማረ። የተቆረጡትን ቦታዎች አንድ በአንድ ፈልጋ በደብተሯ መዘገበች፤ ሃያ ሦስት ሆኑ። እዚህ ሁለት ሰከንድ፣ እዚያ አራት፣ ሾርባው ላይ ስድስት እያለች ገመተች። ስትደምረው የቀረውን አስተካከለችና ልክ አሥራ አራት ከሠላሳ ሆነ።

ከመጀመሪያው አጫወቱት።

«የትኛው ትናንት?» አለች ሚስስ ፒከት፣ ከስድስት ሰከንድ በኋላ።

ጄዳ ቺፕሱ ትን እስኪላት ሳቀች። «እሺ፣ ይቺ ሴትዮ ቀላል አይደለችም!»

ቴሳ አልሳቀችም። በሚያስፈራ ሁኔታ ጥሩ ነበር።

«በቃ፣ አለቀ» አለች ጄዳ። «ማን ያውቃል? እዚያ የነበሩት ሁሉ ሞተዋል።»

«ሚስስ ብራንት አልሞቱም። የፊት ወንበር ላይ ነበሩ።»

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«አንቺ በዘጠኝ ዓመትሽ የሰማሽው ቀልድ ላይ ስንት ሰከንድ ዝም እንደተባለ ታስታውሻለሽ?»

ቴሳ አታስታውስም። ሚስተር ሁፐር ለእያንዳንዱ ዝግጅት የሚያዘጋጁትን ካርድ ከቦርሳዋ አወጣች። በእርሳስ መጻፍ ክልክል ነው። ርዕስ፣ ቀን፣ ጣቢያ። «ርዝመት» በሚለው መስመር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ 14፡30 ብላ ጻፈች።

በማግሥቱ በረዶው ተጠርጎ መንገድ ዳር ተቆልሏል። የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የቡናና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ይሸታል። ዘጠኝ ወንበሮች እንደተለመደው ፊታቸውን ወደ አሮጌው የሬዲዮ ሣጥን አዙረዋል። የሣጥኑ ሆድ ዕቃ ከወጣ ቆይቷል፤ ውስጡ ያለው አዲስ ድምፅ ማጉያ ነው። ቢሆንም እዚህ ሰው የሚያየው ሣጥኑን እንጂ ጎረቤቱን አይደለም። ቀልዱ ሳይደርስ ቀድሞ የሳቀ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ዶናት ይገዛል። ሚስስ ብራንት ሁሉንም ቀልዶች ስለሚያውቋቸው ከሁለት ሳምንት አንዱ የእሳቸው ነው።

ዛሬ ቀድመው የመጡት እሳቸው ነበሩ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ሁለት ካርቶን ዶናት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሁለት ለምን?» አሉ ሚስተር ሁፐር። የሩጫ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነው። «ዕዳው አንድ ካርቶን ነው።»

«ዛሬ ቀድሜ እንደምስቅ ስለማውቅ አስቀድሜ ገዛሁ። አንተ እንደሆንክ ቀልዱ ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የምትስቀው፣ ዴል።»

ሌሎቹ ሳቁ። ሚስስ ብራንት ላፕቶፑን እያሰካካች ወደነበረችው ወደ ቴሳ ጠጋ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታውቂያለሽ፣ አሁን አሁን ፎቶ ካላየሁ መልኳ ይጠፋብኛል። ዝም የምትልበት ልክ ግን አይጠፋኝም። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ጫማዬ ውስጥ በእግሬ ጣቶች እቆጥር ነበር። ሳቁ ስንተኛው ጣት ላይ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ቤትም እንደዚያው ነበረች። ‹እማዬ፣ ውጪ ልጫወት?› ስላት ዝም ትላለች። አባቴ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። ውሻው ሳይቀር ይጠብቃል!»

ቴሳ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ሁለት ፋይሎች ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። ሚስስ ብራንት ካወቁባት ታፍራለች፤ ያ ያልፋል። ካላወቁስ? እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ በእግራቸው ጣቶች ቆጥረው፣ «እንዲህ ነበር ለካ፤ እኔ ነኝ የረሳሁት» ካሉስ? ያኔ በሰባ ዓመት ያልጠፋባቸውን ልክ እሷ በአንድ ከሰዓት አጠፋችባቸው ማለት ነው። እሷና ጄዳ አርብ ዕለት ቺፕስ እየበሉ የገመቱትን ሚስስ ብራንት የእናቴ ዝምታ ነው ብለው ይዘውት ይኖራሉ።

ሚስተር ሁፐር ካርዱን አነበቡ። «አሥራ አራት ከሠላሳ» አሉ ረክተው። «እንዲህ ነው እንጂ።»

«አይደለም» አለች ቴሳ።

ከምትፈልገው በላይ ጮኸች። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«አሥራ ሦስት ከአሥራ ዘጠኝ ነው። ፕሮግራሙ ዝምታውን ሁሉ ቆርጦታል። የእኔ ጥፋት ነው፤ አላየሁትም። ከዚያ በራሴ ግምት ሞላሁትና ርዝመቱን ጻፍኩ። ዋናው የለም።»

ሚስተር ሁፐር መነጽራቸውን አወለቁ። «ገልብጫለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሽቼዎት ነበር።»

ሰውየው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ የቡና ማፍያው ተንተከተከ።

ሚስስ ብራንት ቆመው ነበርና ተቀመጡ። የእጅ ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

«ድምጿስ?» አሉ በመጨረሻ።

«አለ። አንድ ቃል አልጎደለም። የጎደለው ዝም ያለችበት ብቻ ነው።»

«ብቻ!» አሉ ሚስስ ብራንት። «ልጄ፣ እናቴ እኮ ሥራዋ እሱ ነበር። ቃሉንማ የሚጽፍላት ሌላ ሰው ነው።»

ቴሳ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ የተሰማ አልመሰላትም። ላፕቶፑን ዘግታ፣ ካፖርቷን አንሥታ፣ ደረጃውን መውጣት ብቻ ነበር የምትፈልገው። ግን እዚያው ቆመች።

ሚስስ ብራንት አፍንጫቸውን ጠረጉና ተነሡ። ወንበራቸውን ከሰልፉ መሐል እየጎተቱ አወጡት። እግሩ ሲሚንቶው ላይ ሲንቋቋ ሁሉንም ሰቀጠጣቸው። ወንበሩን ከቴሳ አጠገብ አምጥተው አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ሎይስ፣ ወንበሩ እኮ...» አሉ ሚስተር ሁፐር።

«ዝም በል፣ ዴል።» ወደ ቴሳ ዞሩ። «በየት በኩል ነው የምታቆሚው?»

«በዚህች ቁልፍ። ስጫናት ይቆማል፤ እንደገና ስጫናት ይቀጥላል።»

«ጥሩ። ያንን የገመትሽውን አጥፊልኝ፤ አልሰማውም። የተቆረጠውን ክፈቺ። እጄን ሳነሣ ታቆሚያለሽ። እጄ ሲወርድ ትለቂያለሽ። ከዚያ በፊት ንክች እንዳታደርጊያት።»

ቴሳ የገመተችውን ፋይል እያዩዋት አጠፋችው። ከዚያ ሌላውን ከፈተች።

ሙዚቃው መጣ። አስተዋዋቂው ስለ ሳሙናው አወራ። የበር ደወል፣ የእግር ኮቴ፣ ከዚያም የሄዘል ብራንት ድምፅ፤ ወፈር ያለ፣ ትንሽ የሰነፈ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ድምፅ። ሚስስ ብራንት «አቤት» አሉ በለሆሳስ። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር፤ ቴሳ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

የመጀመሪያው ላይ ዘገየች። የሚስስ ብራንት እጅ ሲነሣ ቁልፏን ብትጫንም መልሱ አምልጧል።

«ነቅተሽ ጠብቂ» አሉ ሚስስ ብራንት። «ተከራዩ ትንፋሽ ሲስብ እጄ ይነሣል። መልሺው።»

መለሰችው። ሁለተኛው ጊዜ ደረሰች። ሦስተኛውን ሳያስታውሷት ያዘችው። ቴሳ ትናንት ሁለት ሰከንድ የሰጠችው ቦታ አምስት ነበር፤ አራት የሰጠችው አንድ እንኳ አልሞላም። የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚያጥር፣ የገመተችው አንዱም ልክ አልነበረም።

«ሚስስ ፒከት፣ ይሄ ሾርባ የትናንት ነው እንዴ?»

የሚስስ ብራንት እጅ ተነሣ። ቴሳ ቁልፏን ተጫነች። ምድር ቤቱ ጸጥ አለ። የቡና ማፍያው ብቻ ይተነፍሳል። ስድስት ሰከንድ አለፈ። ስምንት። እጁ እንደተነሣ ነው። የሚስስ ብራንት ጫማ ጫፍ ይንቀሳቀሳል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ህ» አለ፤ ሌላው አፉን በመዳፉ ከደነ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው የቆሙት ሚስተር ሁፐር ትከሻቸው መናጥ ጀመረ። ከመልሱ በፊት፣ በባዶው ላይ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ዶናት!» ብለው ጮኹ ሦስት ሰዎች ባንድ ላይ።

እጁ ወረደ።

«የትኛው ትናንት?»

ቴሳ ከሰባ ዓመት በፊት የተሳቀውንና አሁን የሚሳቀውን መለየት አቃታት። ሁለቱ ሣጥኑ አጠገብ ተቀላቅለው ነበር። ራሷም ትስቅ ነበር፤ ግን ዓይኗን ከእጁ አላነሣችም፣ ጣቷም ከቁልፏ አልራቀም።

እንዲህ እያሉ መጨረሻው ደረሰ። ተከራዮቹ ለመኝታ ወደ ፎቅ ይወጣሉ። ሚስስ ፒከት ታች ቀርታለች። ያ ፈሪው ተከራይ ከደረጃው አናት ይጣራል፤

«ሚስስ ፒከት፣ ከሁላችን መሐል አንዱን እንኳ ይወዱታል?»

የሚስስ ብራንት እጅ ተነሣ። ቴሳ አቆመችው።

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ቴሳ የቀረውን ታውቀዋለች፤ መልሱ «መብራቱን አጥፋ» ነው፤ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ የሳሙናው ማስታወቂያ። ሂሳቡንም ሠርታዋለች። እስካሁን የቆዩትን ስትደምር ለዚህች ዝምታ የሚተርፋት ቢበዛ አምስት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጣቢያው ያቋርጣቸው ነበር።

አምስት ሰከንድ አለፈ። አሥር አለፈ። ሚስስ ብራንት ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የጫማቸው ጫፍ አይንቀሳቀስም፤ አይቆጥሩም። እጃቸው በአየር ላይ እንደተዘረጋ፣ አንድ ሰው እንደያዘላቸው ያህል ሳይንቀጠቀጥ ቆመ።

ሚስተር ሁፐር የሩጫ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ቴሳን አዩ።

ቴሳ የላፕቶፑን ስክሪን ቁጥሩ እስከማይታያት ድረስ ወደ ግድግዳው አዘነበለችው። ጣቷን ከቁልፏ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጋ ያዘች፤ መጠበቋን ቀጠለች።